ዳገት ላይ የሚጠፋ ሞተር፣ ሌሊት የሚደክም ባትሪ፦ የአንድ አሮጌ ሞተርሆም የጥገና ጉዳይ

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1989 የተሠራ፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሞተርሆም ነው። መኝታው፣ ማዕድ ቤቱ፣ መታጠቢያው፣ በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ፣ ማሞቂያውና ጄኔሬተሩ ሁሉም አንድ የጭነት መኪና ሻንሲ (የመኪናው የብረት አጽም) ላይ ተጭነዋል። ሞተሩ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 7.5 ሊትር፣ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ግፊት ቤንዚን የሚረጭለት ነው። ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው። ባለቤቶቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ሲሆኑ፣ ወደ እኔ ያመጡት ለሽያጭ ከማቅረባቸው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ይታይ ብለው ነበር።

አቤቱታቸው አራት ነው። ሞተሩ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ከተነዳ በኋላ፣ በተለይ ረጅም ዳገት ላይ፣ ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። በሞቀ ጊዜ ደግሞ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እየጎተተ ነው የሚዞረው። ቀኑን ሙሉ ተነድቶ ከሞተሩ ባትሪ የተለየው የቤቱ ባትሪ አይሞላም፤ ማታ መብራቱ ይደበዝዛል። ፍሪጁም በጋዝ እየሠራ ሳለ እኩለ ሌሊት ላይ ራሱን ያጠፋል።

በሦስት ዓመት ውስጥ የተቀየረውን ዕቃ ቆጠርኩት። ሻንሲው ላይ ያለው የቤንዚን ፓምፕ ሁለት ጊዜ፣ ለማቀጣጠያው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ቦቢና፣ የማቀጣጠያው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን፣ ሞተሪኖው፣ ዲናሞው፣ የቤቱ ባትሪዎች ሁለት ጊዜ። ይህን ሁሉ ዕቃ የቀየሩት የተለያዩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ካሳዩኝ ደረሰኞች መካከል ግን አንድም የቮልት ንባብ የሰፈረበት አላገኘሁም።

«ልጄ፣ አሁን የቀረው ሞተሩን ራሱን መቀየር ነው ብለውኛል» አሉኝ አዛውንቱ።

«አባቴ፣ ምንም ከመቀየራችን በፊት ሁለት ቀን ይስጡኝና ልለካ» አልኳቸው።

ደብተሩ

ወይዘሮዋ ከመቀመጫቸው ኪስ አንድ ትንሽ ደብተር አወጡ። ሞተሩ የጠፋበትን ቀን ሁሉ ጽፈዋል፤ ሰዓቱን፣ የተጓዙትን ርቀት፣ መንገዱ ዳገት ይሁን ሜዳ፣ ቀኑ ሞቃት ይሁን ቀዝቃዛ፣ በሰልባትዮው ውስጥ ስንት ነዳጅ እንደነበረ፣ እስኪነሳ ስንት ደቂቃ እንደጠበቁ። አሥራ አንድ ጊዜ ጠፍቷል። እንዲህ ያለ መዝገብ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ የሥራውን ግማሽ ሠርቶ ነው የሚመጣው። እኔ ግን በዚያ ቀን ከደብተሩ የወሰድኩት አንዲት መስመር ብቻ ነበረች። በአንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ማታ ፍሬቻ ሲበራ የነዳጅ ጠቋሚው አብሮ ይንቀጠቀጣል» ብለው ጽፈዋል።

ፍሬቻና የነዳጅ ጠቋሚ በፖዘቲቭ በኩል የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ ፊውዛቸውም ሽቦአቸውም የተለያየ ነው። የሚገናኙት ወደ ባትሪ በሚመለሱበት በኔጌቲቩ በኩል ነው። ያ መመለሻ ከሻንሲው ጋር ሙሉ በሙሉ ካልተነካካ፣ የኋላ ፍሬቻው በበራ ቁጥር የአምፖሉ ኤሌክትሪክ ደካማው መገናኛ ላይ ይጨናነቅና የጎረቤቱን የነዳጅ መለኪያ ንባብ ያዛባል። ስለዚህ የሚንቀጠቀጠው መርፌ ስለ ነዳጁ ሳይሆን ስለ ሻንሲው ነበር የሚናገረው።

ሞተርሆም የሁለት ፋብሪካዎች ሥራ ነው። አንዱ ሻንሲውንና ሞተሩን ይሠራል፤ ሌላው ቤቱን ይሠራበታል። የመኪና መካኒክ የቤቱን ካቢኔ መክፈት አይወድም፣ የቤቱን ዕቃ የሚጠግነውም ኮፈን አይከፍትም። ሁለቱ ሥርዓቶች የሚጋሩት ዋናው ነገር ሻንሲው ነው። የሁሉም ኤሌክትሪክ መመለሻ እሱ ነውና። የቤቱ ግድግዳ እንጨትና ስስ አልሙኒየም ስለሆነ በራሱ ምንም አይመልስም። ስለዚህ በአሮጌ ሞተርሆም ላይ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲታመም እኔ የምጀምረው ከሻንሲው ነው።

ሞተሪኖው እየዞረ መለካት

ሞተሩ እንዳይነሳ የቦቢናውን ሶኬት ነቀልኩና አዛውንቱን ቁልፉን እንዲያዞሩልኝ ጠየቅኳቸው። ሞተሪኖው ሳይዞር የሞተሩ ባትሪ 12.6 ቮልት ነበረው፤ ሙሉ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው ሁለት የእርሳስ ምሰሶዎች መካከል 10.9 ቮልት ቀረ፤ ይህም ጤናማ ነው። የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ጫፎች ወደ ሞተሪኖው ወስጄ፣ አንዱን በወፍራሙ ሽቦ መያዣ፣ ሌላውን በሞተሪኖው አካል ላይ ሳደርግ ግን 8.7 ብቻ አነበብኩ። 2.2 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል።

የት እንደቀረ ለማወቅ እየከፋፈሉ መለካት ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው 0.4 ቮልት። ከሞተሩ ብሎክ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ 1.8 ቮልት። ለዚህ መስመር የተለመደው ወሰን በፖዘቲቩ በኩል 0.5፣ በኔጌቲቩ በኩል 0.2 ነው። ኔጌቲቩን ደግሞ ለሁለት ከፈልኩት፤ ከብሎክ እስከ ሻንሲ 0.3፣ ከሻንሲ እስከ ባትሪ 1.5።

ይህን ልኬት ለሚሞክር ሰው ሁለት ነገር ልንገር። አንደኛ፣ የቴስተሩ ጫፍ የሚያርፈው በእርሳሱ ምሰሶ ላይ እንጂ በማሰሪያው ላይ አይደለም፤ በማሰሪያውና በምሰሶው መካከል ያለው ዝገት ራሱ ተጠርጣሪ ነው። ሁለተኛ፣ ሞተሪኖው ካልዞረ ምንም አይታይም። ኤሌክትሪክ በማይሄድበት መስመር ላይ የበሰበሰ መገናኛም ዜሮ ቮልት ያሳያል። የኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) መለኪያም አይረዳም። በማቀፊያ አምፔር መለኪያ ያየሁት 170 አምፔር ነበር፤ 1.5 ቮልትን ለ170 ብናካፍል 0.009 ኦም ገደማ ይሆናል። የተራ ቴስተር ገመዶች ብቻቸውን ከዚያ የበለጠ ኦም አላቸው። ከዚህ በፊት ያዩት ባለሙያዎች በቴስተር «ይደውላል፣ ደህና ነው» ብለው ያለፉት መገናኛ ይህ ነበር። ሦስት ጊዜ ካስዞርኩ በኋላ የመገናኛውን ቡሎን በእጄ ነካሁት፤ ሞቋል። ከ250 ዋት በላይ ኃይል በዚያች ቡሎን ላይ ወደ ሙቀት እየተለወጠ ነበር።

ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ መብራቶቹን ሁሉ አበራሁና መኪናው ሥር ገባሁ። በዲናሞው ላይ 14.1 ቮልት አለ። ሻንሲው ላይ በታሰረው የቤንዚን ፓምፕ ጫፎች መካከል ግን 10.2 ነው። ከጎደለው 3.9 ቮልት ውስጥ 2.3ቱ በኔጌቲቩ፣ 1.6ቱ በፖዘቲቩ በኩል ነው የጠፋው። የፖዘቲቩን ጥፋት ወዲያው አገኘሁት፤ የፓምፑ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚሰካበት ሶኬት ከሙቀት ብዛት ቡናማ ሆኖ ነበር። ኔጌቲቩ ግን የፓምፑ፣ የኋላ መብራቶቹ፣ የፍሬቻዎቹና የነዳጅ መለኪያው ሽቦዎች በአንድነት ወደሚታሰሩባት አንዲት ቡሎን አመጣኝ።

ቀለሙ

ቡሎኗን ፈታሁ። አራት የሽቦ ቀለበቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል። የታችኛው ቀለበት የተቀመጠበት ቦታ የሚያብረቀርቅ ብረት መሆን ሲገባው፣ ሙሉ በሙሉ በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል። በጥፍሬ ጫርኩት፤ ቀለሙ ወፍራምና ልስልስ ነው፣ ከሥሩ ቀይ ዝገት አለ። ቀለበቱ ሻንሲውን አይነካም ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ የኖረው በቡሎኗ ጥርሶች በኩል ብቻ ሲሆን እነሱም ዝገዋል። ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ሄድኩ፤ እዚያም ቀለም። የቤቱ ባትሪ ኔጌቲቭ ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት ስፍራም እንዲሁ።

አዛውንቱን ጠርቼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ይህን ቀለም እኔ ነኝ ያስቀባሁት» አሉ። ከአራት ዓመት በፊት ሻንሲው ዝገት እንዳይበላው ብለው ለአንድ ጋራዥ ከፍለው አስጠርገው ቀለም አስቀብተዋል። ደረሰኞቹን በቀን ስንደረድራቸው የመጀመሪያው ብልሽት የመጣው ከዚያ በሰባተኛው ወር ነው። ሲቀቡ ሽቦዎቹን ፈትተዋል፤ ቀለሙ ሲደርቅ ደግሞ በላዩ መልሰው አስረዋቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ወራት የቡሎኑ ጥርስ ሸክሙን ተሸከመው፤ እርጥበት ሲገባ ግን መዛግ ጀመረ።

አዛውንቱ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ሲያደርጉት አልወደድኩም። ሻንሲን ማስቀባት ትክክለኛ ሥራ ነው። ይህ መኪና በዚህ ዕድሜው አጥንቱ ሳይበላ የቆየው በእሳቸው እንክብካቤ ነው፤ ይህንንም ነገርኳቸው። የጎደለው ሽቦው ከመታሰሩ በፊት አንድ ሳንቲም የምታክል ቦታ እስኪያበራ መፈግፈግ ነበር።

ጥገናው ከምርመራው ይልቅ ቀላል ሆነ። የሁለቱንም ባትሪዎች ኔጌቲቭ አስቀድሜ ፈታሁ፤ ሲገጠም ደግሞ ኔጌቲቩ መጨረሻ ነው የሚታሰረው። ቦታዎቹን ሁሉ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ፈገፈግኩ። በባትሪውና በሻንሲው መካከል የነበረውን ሽቦ ስቆርጠው ውስጡ ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል አረንጓዴ ሆኖ ስለነበር በባለ 70 ካሬ ሚሊሜትር አዲስ ሽቦ ተካሁት፤ ከባትሪው ቀጥታ ወደ ሞተሩ ብሎክ የሚሄድ ሁለተኛ ሽቦም ጨመርኩ። ቀለበቶቹ በቆርቆሮ የተለበጡ የመዳብ ናቸው፣ በማተሚያ ፒንሳ የታተሙ። ከሥራቸው ጥርስ ያለው ሮንዴላ ገባ። በባዶው ብረት ላይ ከታሰሩ በኋላ ከላይ ቅባትና ቀለም ለበሱ። አራቱን የኋላ ሽቦዎች በአንድ ቡሎን ላይ መልሼ አላሰርኳቸውም፤ ፓምፑ ለብቻው ቦታ አገኘ። የሪሌዩ ሶኬትም ተቀየረ።

እንደገና ስለካ ሞተሪኖው እየዞረ ባትሪው ላይ 11.3፣ ሞተሪኖው ላይ 10.7 ሆነ፤ በኔጌቲቩ በኩል የሚጠፋው 0.15 ብቻ ነው። ፓምፑ ላይ 13.4 ደረሰ። ፍሬቻውን አብርቼ የነዳጅ ጠቋሚውን አየሁ፤ መርፌው አልተነቃነቀም። ወይዘሮዋ መጥተው ራሳቸው አዩት።

የቤቱ ወገን

የቤቱ ባትሪዎች ሁለት ባለ 6 ቮልት፣ በተከታታይ ተያይዘው 12 የሚሰጡ፣ ውኃ የሚጨመርባቸው ናቸው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ላይ 14.1 እያለ እነሱ ላይ ይደርስ የነበረው 12.7 ብቻ ነው። በዚያ ቮልት ቀኑን ሙሉ ቢነዳ አይሞሉም። 0.5ቱ በተቀባው ሻንሲ ላይ ነበር የሚጠፋው፤ እሱ ተፈታ። 0.9ኙ ግን የሚቀረው የሞተሩንና የቤቱን ባትሪ በሚያገናኘው ሶሎኖይድ፣ ማለትም ትልቅ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ውስጥ ነበር።

ሶሎኖይዱን አውጥቼ ከፈትኩት። ሁለቱ የመዳብ መነካኪያዎች ጠቁረው ጎድጉደዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እዚያ የተገጠመው ለሞተሪኖ የሚሆን፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ እንዲሠራ የታሰበ ሶሎኖይድ ነበር። እዚህ ግን ሞተሩ በሚሠራበት ሰዓት ሁሉ ሳያቋርጥ የሚጎተት ዓይነት ነው የሚያስፈልገው። ሁለቱ በመልክ መንትያ ናቸው፤ በቅርጽ ብቻ አመሳስሎ የሚገዛ ሰው ይሳሳታል። አንዳንድ ሞተርሆሞች በዚህ ፋንታ በዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ) የሚሠራ መለያያ አላቸው። ያኛው የሚቃጠል መነካኪያ የለውም፣ ነገር ግን 0.7 ቮልት ያህል ሁልጊዜ ይወስዳል። እኔ የማያቋርጠውን ሶሎኖይድ መረጥኩ።

ባትሪዎቹ ይጣሉ ተብሎ ነበር። የአሲዱን እፍጋት በሚያሳይ መለኪያ ሳያቸው ክፍሎቹ ሁሉ ከ1.180 እስከ 1.190 ነበሩ፤ የሞላ ባትሪ 1.265 ገደማ ያነባል። ግማሽ ላይ ናቸው፤ ሁሉም ክፍል ግን ተቀራራቢ ነው፣ ተለይቶ የሞተ የለም። ሳይሞላ የሚኖር ባትሪ በሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጠጥርበትና ኃይል መያዝ ያቅተዋል። ከዚህ በፊት የተጣሉት ባትሪዎች ያለቁትም በዚሁ መንገድ ይመስለኛል። የቤቱን መስመር ሙሉ በሙሉ ነቅዬ፣ በሚገባ አየር በሚያገኝ ቦታ ላይ ረጅም ሙሊት፣ በመጨረሻም ከፍ ባለ ቮልት የማስተካከያ ሙሊት ሰጠኋቸው። መስመሩን የነቀልኩት ያ ከፍተኛ ቮልት የፍሪጁንና የማሞቂያውን የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ስለሚጎዳ ነው። በሦስተኛው ቀን 1.250 ደረሱ። አዲስ አይደሉም፤ የሚጣሉም አይደሉም።

ፍሪጁ ከዚህ በኋላ ብዙ ሥራ አልጠየቀም። በጋዝ ነበልባል የሚሠራ ፍሪጅ እንኳን የጋዙን ቫልቭ ክፍት የሚያደርገውና እሳቱን የሚቆጣጠረው ካርድ 12 ቮልት ይፈልጋል፤ ቮልቱ ከ10.5 አካባቢ ሲወርድ ካርዱ ሁሉን ይዘጋል። እኩለ ሌሊት ላይ ማሞቂያው ሲነሳ የአየር መግፊያ ሞተሩ የደከመውን ባትሪ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ፍሪጁ የሚጠፋው በዚያ ሰዓት ነው። የጋዙ ግፊት 28 ሚሊባር አካባቢ፣ ትክክል ነበር። ማቃጠያው ላይ የወደቀውን የዝገት ፍርፋሪ ጠረግኩ፤ ከጀርባው የአሞንያ ማምለጥን የሚያሳብቅ ቢጫ ዱቄት መኖር አለመኖሩንም አየሁ፤ የለም።

ሦስተኛው ሰዓት

መንገድ ላይ ከመፈተናችን በፊት ጎማዎቹን አየሁ። ጥርሳቸው ገና ጥልቅ ነው። በጎናቸው ላይ የታተሙት አራት አኃዞች ግን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን የሚናገሩት፣ 12 ዓመት የሞላቸው መሆኑን ያሳያሉ። የቆመ ሞተርሆም ጎማ ሳያልቅ ያረጃል። በዚህ ጎማ ዳገት አልወጣም አልኳቸው፤ ተቀየሩ።

በመጀመሪያው ፈተና ሁለት ሰዓት ያለ ችግር ነዳን። ሞተሩ ሲሞቅ አጥፍቼ አስነሳሁት፤ ሞተሪኖው እንደ ብርድ ጠዋት ቀልጠፍ ብሎ ዞረ። በሦስተኛው ሰዓት፣ ረጅሙ ዳገት አጋማሽ ላይ፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተናነቀውና ጠፋ። አዛውንቱ ምንም አላሉም። እኔም ለጊዜው የምለው አልነበረኝም። ያስተካከልኩት ሁሉ እውነተኛ ብልሽት ነበር፤ ግን አንድ ሌላ ከሥሩ ተደብቆ ነበር።

የመንገድ ዳር ጥበቃው ደብተሩን እንደገና እንዳነበው ጊዜ ሰጠኝ። በዚህ ጊዜ የነዳጁን ዓምድ ነበር ያየሁት። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ሰልባትዮው ከግማሽ በታች በሆነበት ጊዜ ነው የደረሰው። እኛም ያን ጊዜ ከግማሽ በታች ነበርን።

በማግስቱ የነዳጅ ግፊት መለኪያ ረጅም ቱቦ ቀጥዬ ገጠምኩና መለኪያውን ከውጭ በኩል መስታወቱ ላይ፣ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር አሰርኩት። ቤንዚን የያዘ ቱቦ ወደ ሾፌር ክፍል ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ከፓምፑ ጫፎች ደግሞ ሁለት ቀጭን ሽቦ አምጥቼ ቴስተሩን ወይዘሮዋ ጭን ላይ አስቀመጥኩ። እሳቸው ይጽፋሉ፣ አዛውንቱ ይነዳሉ፣ እኔ የግፊት መለኪያውን አያለሁ። የአምራቹ መመሪያ ከ35 እስከ 45 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ) ይላል። ስንነሳ 39 ነበር። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ዳገቱ ሲጀምር 31፣ ከዚያ 24፣ ከዚያ 17። ሞተሩ መንተባተብ ሲጀምር «ቮልቱ ስንት ነው እናቴ?» አልኳቸው። «አስራ ሦስት ከአራት፣ አልተነቃነቀም» አሉ።

ስለዚህ ፓምፑ ኤሌክትሪክ አግኝቷል፤ ነዳጅ ግን አላገኘም።

ሰልባትዮውን ማውረድ

ይህ መኪና ሁለት የቤንዚን ፓምፖች አሉት። አንዱ ሰልባትዮው ውስጥ ሆኖ ነዳጁን በዝቅተኛ ግፊት ወደ ፊት ይገፋል፤ ሌላው ሻንሲው ላይ ሆኖ ተቀብሎ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ሁለት ጊዜ የተቀየረው የሻንሲው ነው፤ ለመድረስ ቀላል ስለሆነ። የውስጡን ያየው የለም። ቁልፉ ሲከፈት ግን ድምፁ ከሰልባትዮው በግልጽ ይሰማል፤ ሁሉም ያንን ሰምተው «የውስጡ ደህና ነው» ብለዋል። ሁለተኛውን ፓምፕ አቋርጬ ከውስጡ የሚመጣውን መስመር ወደ ንጹሕ ጀሪካን ከፈትኩት። ፓምፑ ያጉረመርማል፤ ከቱቦው የሚወጣው ግን እንደ ክር የቀጠነ ነበር።

ነዳጁን ከቤት ውጭ፣ ባትሪዎቹ ተነቅለው፣ የጋዙ ሲሊንደር ተዘግቶ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ሆኖ ቀዳነው። ሰልባትዮው በክሪክ ተደግፎ ወረደ። የፓምፑን ክፍል ሳወጣው ነገሩ ሁሉ በእጄ ላይ ነበር። ፓምፑን ከብረት ቱቦው ጋር የምታገናኝ ከጣት የማትረዝም ጎማ አለች። ስጫናት እንደ ሊጥ ለሰለሰች። ትንሽ ሳጎብጣት በጎኗ ሁለት ሴንቲሜትር የሚሆን ስንጥቅ እንደ ዓሣ አፍ ተከፈተ። ፓምፑ ጤነኛ ነበር፤ የሚገፋውን ነዳጅ ግን በዚያች ስንጥቅ መልሶ እዚያው ሰልባትዮው ውስጥ ያፈስሰው ነበር።

ጎማዋ በየቦታው የሚገኘው የነዳጅ ጎማ ነበረች። እሱ ነዳጅ በውስጡ እንዲያልፍ እንጂ ከውስጥም ከውጭም በቤንዚን ተነክሮ እንዲኖር አልተሠራም። ሰልባትዮ ውስጥ የሚገባው ለዚያ የተሠራው፣ ኤስኤኢ 30 አር 10 የሚል ምልክት ያለው ነው። እሱን ነው የገጠምኩት።

የሻንሲው ፓምፕ ለምን በሙቀትና በግማሽ ነዳጅ ብቻ እንደሚሸነፍ አሁን ይገባል። ከኋላው የሚገፋለት ሲያጣ ራሱ ነዳጁን መሳብ አለበት። የሚሳብ ፈሳሽ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ የቀነሰ ቤንዚን ደግሞ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ሰልባትዮው ሙሉ ሲሆን የነዳጁ ከፍታ ይረዳዋል፣ ብዛቱም ቶሎ አይሞቅም። ሲጎድል ግን ከትኩሱ ሞተር ተመልሶ የሚመጣው ትርፍ ነዳጅ የቀረውን ያሞቀዋል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ ብዙ ይጠይቃል። ፓምፑ እንፋሎት ይጎርስና ግፊቱ ይወድቃል። ግማሽ ሰዓት ሲቆም እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ሞተሩም ይነሳል። ያ ፓምፕ 10.2 ቮልት ብቻ እያገኘ ሲሠራ የነበረ መሆኑ ደግሞ ችግሩን አባብሶታል። ለዚህ ነው ሻንሲውን ማስተካከሌ ከአንድ ሰዓት ተኩል ወደ ሦስተኛው ሰዓት ያሻገረው። መሻሻሉ እውነት ነበር፣ ግን መፍትሔ አልነበረም።

ያንኑ ዳገት ሰልባትዮው ከሩብ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በቀትር ሙቀት፣ ሁለት ጊዜ ወጣነው። የግፊት መለኪያው ከ38 በታች አልወረደም። ወይዘሮዋ ደብተሩ ላይ አሥራ ሁለተኛውን መስመር ጽፈው ያነበቡልኝ ዳገቱ አናት ላይ ቆመን ሞተሩ እየሠራ ሳለ ነው፦ «አልጠፋም።»

መኪናው ለሽያጭ አልቀረበም። ከሁለት ወር በኋላ አዛውንቱ ከጉዞ ላይ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሞተሩም ፍሪጁም ደህና ናቸው። ዛሬ ግን ጄኔሬተሩ በድንገት ቆመ፣ አልነሳ አለኝ። እንደገና ተጀመረ ማለት ነው?»

«አባቴ፣ ነዳጁ ስንት ላይ ነው?»

«ሩብ ላይ፤ እንዲያውም ትንሽ ወረድ ብሏል።»

ሰልባትዮው የወረደ ዕለት ከእሱ ነዳጅ የሚስቡትን ሁለት ቧንቧዎች፣ የሞተሩንና የጄኔሬተሩን፣ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። የጄኔሬተሩ ከሞተሩ አጭር ነው፤ ሲሠራ ጀምሮ እንዲያ ነው። ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ነዳጁን ሙልጭ አድርጎ ጠጥቶ ሰዎቹን በረሃ ላይ እንዳያስቀር፣ ሩብ ሲቀር አየር እንዲስብና እንዲቆም ታስቦ የተደረገ ነው። ይህንን ነገርኳቸው።

«ስለዚህ ብልሽት አይደለም?»

«አይደለም። ነዳጅ ሲቀዱ ይነሳል።»

በስልኩ ውስጥ ለወይዘሮዋ ሲነግሯቸው ሰማሁ፤ ቀጥሎም የደብተር ገጽ ሲገለጥ።